የአዋሽ መጨረሻና የላይኛው ሰው ዕዳ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ በደረሰ ጊዜ በሁለት ወንዞች ወሰን ላይ ይቆማል። ከተራራው በስተምዕራብ የወደቀው ዝናብ ወደ ጃማ ይወርዳል፤ ጃማም ወደ ዐባይ ይገባል፤ ዐባይም ሱዳንንና ምስርን አቋርጦ ከሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በስተምሥራቅ የወደቀው ግን በደብረ ሲና ገደል ተንደርድሮ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ ሮቢ ከሚባለው ወንዝ ገብቶ በሸዋ ሮቢት አጠገብ ያልፋል፤ የቀወትን እርሻ አጠጥቶም ወደ አዋሽ ያቀናል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ሁለት ጠብታዎች ከአንድ ደመና ወርደው፥ ምናልባትም አንድ ክንድ በማይሞላ ስፍራ ተለያይተው፥ አንዱ መርከብ ከሚሄድበት ውኃ ሲቀላቀል ሁለተኛው በበረሓ ውስጥ ያልቃል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በመክብብ ስለ ወንዞችና ስለ ባሕር የተናገረውን የተማረ ሰው፥ የወንዝ ሁሉ መጨረሻ ባሕር እንደ ሆነ አድርጎ ማሰብን ከልጅነቱ ይለምዳል። ስለዚህ የአዋሽ ነገር ለሚመረምረው እንግዳ ነው። ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፥ በአየር ቢለካ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው፥ አቤ በሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ይቆማል። ሐይቁ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ የሚገኝ ነው። መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ውኃው በፀሐይ ሙቀት ወደ ሰማይ ካልሄደ በቀር ሌላ በር አያገኝም።

ከዚህ ነገር አንድ ጥያቄ ይወጣል። ጥያቄው ስለ ውኃ ቢመስልም ስለ ሰው ነው። በላይ ያለ ሰው ውኃውን በሚወስድበት ጊዜ በታች ላለው፥ ፊቱን አይቶት ስሙንም ሰምቶት ለማያውቀው ሰው፥ ዕዳ አለበትን? ዕዳስ ካለበት ልኩ እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህ ጥያቄ በቀወት ለክርክር ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። የይፋት ቆላ መሬቱ መልካም፥ ዝናቡ ግን የማይታመን ነው። ገበሬው ማሽላውንና ማሾውን በዝናብ ተስፋ ይዘራል፤ ሽንኩርቱንና ሌላውን አትክልት ግን በወንዝ ውኃ ያበቅላል። ወንዙን ከፍ ካለ ቦታ በድንጋይና በአፈር ገድቦ፥ ቦይ ቀድዶ ወደ እርሻው በመራው ጊዜ «ውኃ ጠለፈ» ይባላል። ቅኔ የቈጠረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲሰማ ሰሙን ብቻ ይዞ አያልፍም። ጠለፋ፥ ወደ ሌላ ቤት ልትሄድ ያለችውን ልጅ ከመንገድ መልሶ በኀይል ወደ ራስ ቤት የማስገባት ስም ነውና። የልጃገረድ ጠለፋ ግፍ ነው፥ በሕግም የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የውኃ ጠለፋ ግን እንጀራ ነው። አንድ ቃል ግፍንና እንጀራን ባንድ ጫንቃ መሸከሙ ያስደንቃል። ቃሉን በውኃ ላይ ያዋለው ጥንታዊ ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገር ግን ያ ውኃ ወደ አንድ ስፍራ ይሄድ እንደ ነበረ፥ የሚጠብቀውም ሰው እንዳለ ዐውቆ የተናገረ ይመስላል።

ዕውቀቱም በቃል ብቻ አልቀረም። በብዙ የሸዋና የወሎ መንደሮች ገበሬዎች በአንድነት ተስማምተው የሚሾሙት የውኃ አባት አለ። እርሱ ተራ ይሰጣል፤ የላይኛው እርሻ ስለ ቀደመ ብቻ ሁሉን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው ይጠብቃል፤ ቦዩ ሲደፈን ሰዎቹን ጠርቶ ያስጠርጋል፤ በሌሊት ተነሥቶ የሰውን ተራ የሰረቀውንም ያስቀጣል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ የላይኛው ሰው ለታችኛው ዕዳ እንዳለበት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የውኃ አባት ሥልጣን ቦዩ እስካለበት ድረስ ነው። የመጨረሻው እርሻ ጠጥቶ ካበቃ በኋላ የተረፈው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ማንም የለም። ወዲያ ያለው አገር ቈላ ነው፥ በረሓ ነው፥ የሌላ ነገድ ነው ይባልና ነገሩ በዚያ ይዘጋል። መንግሥት የአዋሽን ውኃ የሚያስተዳድር ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ማቋቋሙ እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤት ግን ውኃን ይለካል እንጂ በጠላፊው ልብ ውስጥ ገብቶ ተራ ሊሰጥ አይችልም።

ለጠላፊው የሚሟገት ሰው ቢነሣ ሙግቱ ደካማ አይሆንም። እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ይህ ወንዝ ባሕር የሚደርስ ቢሆን ኖሮ የባሕሩን ወሰድህ በተባልሁ። አሁን ግን የሚሄደው ከጨው ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ነው። ከሚጠፋ ነገር ላይ ለልጆቼ ራት ብቈርስ ማንን በደልሁ?» ይህ ቃል የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም። በከተማ የሚኖር የተማረ ሰውም መብራቱን፥ ሸንኰራውን፥ ጥጡን ሲያስብ በሌላ አነጋገር ይህንኑ ይላል። እንዲህ ላለው ሙግት በመጽሐፍ ብቻ መልስ ከመስጠት ወርዶ ማየት ይሻላል። እንግዲህ አንድ የቀወት ገበሬ የሮቢን ውኃ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ወረደ እንበል።

መንገዱ ረዥም ቢሆንም ነገሩ አጭር ነው። ውኃው በበረሓው ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ መኪና አይሄድበትም፤ ስለዚህ ሰውየው በአጣዬ፥ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ፥ ባቲን ቍልቍል ወርዶ፥ በሚሌና በሎግያ በኩል አሳይታ ይደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከሸዋ ሮቢት የተነሣ ሰው 240 ሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ወዳለው ሐይቅ ሲወርድ፥ የአገሩን ቆላ ደጋ ነበር እንዴ እስኪል ድረስ ሙቀቱ ይለዋወጥበታል።

አሳይታ ላይ ግን የሚያየው ነገር ያሰበውን አይደለም። በረሓ ብሎ በገመተው ስፍራ ልምላሜ ያገኛል። አዋሽ በዚያ ፍጥነቱን ትቶ፥ ተከፋፍሎና ተዘርግቶ፥ ያመጣውን ጥቍር አፈር እያለበሰ አውሳ የተባለውን አገር ሠርቷል። ያ አፈር የሸዋና የወሎ ደጋ አፈር ነው። በቈሎው፥ ጥጡ፥ ዘንባባው፥ የከብቱ መሰማሪያ ሁሉ በወንዙ የሚኖር ነው። የአውሳ ሱልጣኖች ለብዙ መቶ ዓመታት በበረሓው መካከል መንግሥት አቁመው መኖር የቻሉት በዚሁ ውኃ ነው። «ከጨው ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ነው» የተባለው ወንዝ ከሮቢትና ከጨው መካከል አንድ ሕዝብ ሲያጠጣ ተገኘ። የጠላፊው ሙግት የመጀመሪያው ምሰሶ እዚህ ይወድቃል።

ከአሳይታ ወዲያ የአፋር መሪ ያስፈልጋል። አዋሽ ከትንንሽ ሐይቆች እየገባና እየወጣ፥ በየደረሰበት እያነሰ፥ ዳማ አሊ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ አጠገብ ወዳለው ወደ መጨረሻው ሐይቅ ይደርሳል። የአቤ ዳር እንደ ሌላ የባሕር ዳር አይደለም። ጀልባ የለም፥ ወደብ የለም፥ የሚጠብቅም የሚሸኝም ሰው የለም። ውኃው ትናንት የነበረበትና ዛሬ የተወው ጭቃ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ይታያል፤ የሚረግጠውን እግር መጀመሪያ ይሸከመዋል፥ ቀጥሎ ይውጠዋል። ውኃውን በእጅ ቢነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ሊጠጡት አይቻልም። ከምድር ውስጥ የፈላ ውኃ ይወጣል፤ በጅቡቲ በኩል እስከ 50 ሜትር የሚቆሙ የኖራ ድንጋይ ዐምዶች አሉ፥ ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይጤሳል። ፍላሚንጎ የሚባሉት እግረ ረዣዥም ወፎች ብቻ ስፍራውን እንደ ርስታቸው ይዘውት ይኖራሉ።

ይህን መጨረሻ ለማየት ከሩቅ የመጣ ሰው ነበረ። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ ወርዶ፥ በአውሳ ሱልጣን ፈቃድ አልፎ፥ ይህን ሐይቅ አይቶ ታጁራ ደረሰ። ያንቀሳቀሰው ነገር እንዲህ ያለ ትልቅ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ ወዴት ይገባል የሚለው ነበር። (የአፋር እረኛ መልሱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን የጠየቀው አልነበረም።) የሚያሳዝነው ከደብረ ሲና በታች ወንዙን በየቀኑ የሚጠጣው ሕዝብ ያንን ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። በግዕዝ ምንጭ ዐይነ ማይ ይባላል። የወንዝ ዐይኑ በሚነሣበት በኩል ነው እንጂ በሚያልቅበት በኩል አይደለም፤ ከምንጩ አጠገብ የሚኖረውም ሰው እንደ ወንዙ ሆኗል።

የሐይቁን ጠባይ ማስተዋል ይገባል። ባሕር ሰፊ ስለ ሆነ የመጣለትን ሁሉ ይሰውራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን አይሰውርም። ፀሐይ ከእርሱ የምትወስደው ንጹሑን ውኃ ብቻ ነው፤ ወንዙ ከየድንጋዩ አሟሙቶ፥ ከየእርሻው አጥቦ፥ ከየከተማው ተቀብሎ ያመጣው ነገር እዚያው ይቀራል፥ በየዓመቱም ይከማቻል። እያንዳንዱ ወንዝ የሚያመጣው ጨው በአፍ የማይታወቅ ጥቂት ነው፤ ሮቢን የሚጠጣ ሰው ጨዋማ ነው አይልም። የአቤ ምሬት ግን ከዚያ ከማይታወቀው ጥቂት የተሠራ ነው።

ሐይቁም ራሱ እየሸሸ ነው። በላይ የሚወሰደው ውኃ ስለ በዛና ደረቅ ዘመናትም ስለ ተደጋገሙ፥ ባለፉት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ዳሩ ወደ ውስጥ እየገባ የቀድሞ ወለሉን ለነፋስ ትቶታል። ይህን ሁሉ የቀወት ገበሬ አደረገው ቢባል ግን ፍርድ ማጣመም ነው። ወንጂ ላይ የሸንኰራ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ በ1950ዎቹም ዓመታት ከመተሐራ እስከ ተንዳሆ ባለው ሸለቆ ሰፋፊ የሸንኰራና የጥጥ እርሻዎች ወንዙን ተከትለው ተተከሉ። አገር ስኳርና ልብስ መብራትም አገኘች፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጥጡ የበቀለበት መሬት፥ የአፋር ከብት በበጋ ሌላው ሣር ሁሉ ሲደርቅ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር መስክ ነበረ። በዘወትር ዓመት ጕዳቱ አልታየም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ በመጣ ጊዜ ግን መሸሻው ታጥሮ ተገኘ፤ ከብቱ አለቀ፥ ከከብቱም ጋራ ብዙ ሰው ሞተ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ሻዩን በስኳር ይጠጣ የነበረ ሰው በማንም ላይ እጁን አላነሣም። ዕዳ የለበትም ለማለት ግን የሚደፍር ካለ፥ ቍጥሩን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ማሳየት አለበት።

ሊቃውንት በአንድ ቃል ላይ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ እንደሚያወርዱ፥ የአዋሽንም መጨረሻ ባንድ መንገድ ብቻ መተርጐም አይገባም። አዋሽ ደክሞ ሳይደርስ የቀረ፥ ከባሕር በር ላይ የወደቀ ወንዝ ነው ይባላል። አንድም፥ ከባሕር ይልቅ የተጠማውን መርጦ ያለውን ሁሉ በመንገድ ሰጥቶ የጨረሰ ወንዝ ነው፤ ባሕር ውኃ አልቸገረውምና። ሁለተኛው ትርጓሜ ለጆሮ ይጣፍጣል፥ ለስብከትም ይመቻል። ይሁን እንጂ አደጋ አለበት። ወንዙ በፈቃዱ የሰጠ ቸር ከሆነ ጠላፊው እንግዳ ተቀባይ ቤት የገባ ተጋባዥ ሆነ ማለት ነው፤ ተጋባዥም ሒሳብ አይጠየቅም። ግን የሰጪው ቸርነት የተቀባዩን ሒሳብ አይዘጋም። በአንድ ማዕድ ዐሥር ሰዎች በተጠሩ ጊዜ ባለቤቱ ቸር ስለ ሆነ ቀድሞ የደረሰው የዐሥሩን ድርሻ ይብላ የሚል ሕግ በየትም የለም።

እንግዲህ ገበሬው ውኃ አይጥለፍን? ይህ ፍርድ ለሚራብ ሰው የሚነገር አይደለም። የቀወት ልጅ ከአውሳ ልጅ የሚያንስ አፍ የለውም፤ ወንዝም በላይ ላለው እንዳይጠጣ ሆኖ አልተፈጠረም። መውሰድ ኀጢአት አይደለም፤ ወሰን የሌለው ይመስል መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቦይ ላይ ያሉ ሃያ ገበሬዎች «የመጨረሻው እርሻ ምን ይጠጣል?» ብለው መጠየቅ ከቻሉ፥ የመጨረሻውን እርሻ ትንሽ ወደ ታች ማራቅ ነው የቀረው።

ውኃን መቀነስና ውኃን ማበላሸት ግን ባንድ ሚዛን አይመዘኑም። የቀነሰው ሰው ቢያንስ ራበኝ ሊል ይችላል። ያበላሸው ምን ይላል? የአዲስ አበባ እድፍ በአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በሞጆ አካባቢ ካሉ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውም ወደ ቆቃ ሲፈስስ ብዙ ጊዜ ተነግሮበታል። ማንም ሰው እድፉን ወደ ወንዝ በማፍሰሱ ልጁን አላበላም፤ ጠረጋን ርካሽ አደረገ እንጂ። የከተማው ሰው ወንዙን «ወሳጅ» ይለዋል፤ ከዐይኑ ስለ ወሰደለት ያመሰግነዋል። ወሳጁ ግን ወዴት እንደ ወሰደው አይጠይቀውም። ሽንኩርት አጠጪው ገበሬ ከከተማው ነዋሪ ጋራ በአንድ ሸንጎ ቢቆም፥ በዚህ ነገር ገበሬው ቀድሞ ነጻ ይወጣል።

«የታችኞቹ ባዕዳን ናቸው፤ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው» የሚል ሦስተኛ ሙግት ይቀራል። ይህን የሚል ሰው የይፋትን ታሪክ ረስቶታል። ከታጁራና ከአሳል ሐይቅ ተነሥቶ በአፋር በረሓ የሚመጣው የግመል ቅፍለት፥ ከአንኮበር በታች ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ጨው ያመጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሀሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ በረሓ አልፎ ነው። ይፋት ውኃውን ወደ ታች ሲለቅ፥ ጨው ደግሞ በአፋር ግመል ጀርባ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የሸዋ አያቶች ወጥ በዚያ ጨው ሲጣፍጥ ባዕድ ነው ብሎ የተወው አልተሰማም።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር መመለስ ይገባል፤ የቀወቱ ሰው በዚያ ቆሞ ቀርቷልና። አፋሮች ሰው ከሰው ጋራ በተገናኘ ጊዜ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይሰውር የሚነግርበት ዳጉ የተባለ ልማድ አላቸው። ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ከየት የመጣ እንግዳ እንዳለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ወሬን አጣምሞ ማውራት በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው፤ በረሓ ውስጥ የሐሰት ወሬ ሰውና ከብት ይገድላልና። አንድ ሽማግሌ እረኛ ግመሎቹን እየነዳ መጥቶ ከእንግዳው አጠገብ ቢቀመጥ፥ መሪውም ቃል እየለዋወጠ ቢያስተረጕም፥ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቁ አይቀርም።

«ከላይ ነው፤ ከሮቢ ወንዝ» ይላል ሰውየው።

«ከላይ ከሆንህ ንገረን፤ በተራራው ላይ ዝናቡ ገባ ወይ?»

«ገብቷል አባቴ። ከመጣሁ በፊት ሦስት ቀን ዘንቧል፤ ወንዙም ሞልቷል።»

«እናንተ ስንት ቦይ ከፍታችኋል?»

ገበሬው ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም ነበር። ከብቱን ስንት ነው፥ ልጆችህን ስንት ናቸው ብሎ ይጠይቀኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ውሸት እንዳይናገር ቀስ ብሎ በልቡ ይቈጥራል፤ የራሱን፥ የወንድሙን፥ ከድልድዩ በላይ ያሉትን፥ ባለፈው ዓመት አዲስ የተቀደዱትን። ቍጥሩንም ይናገራል።

ሽማግሌው አይቈጣም፥ አይረግምምም። ዐይኑን ወደ ምዕራብ፥ ተራራው ሊታይ ወደማይችልበት ወደዚያ በኩል አድርጎ፥ ውኃው ከቦዮቹ ተርፎ አውሳ የሚደርስበትን ቀን በጣቶቹ መቍጠር ይጀምራል።